የሩጫ ሰዓትን አፕዴት ከማድረጋችሁ በፊትና በኋላ ፔሱን እንዴት ትፈትሻላችሁ?

ሰዓቱ ማታ አፕዴት ይደረጋል። ጠዋት በዚያው በለመደ መንገድ ሲሮጥበት ፔሱ (አንድ ኪሎ ሜትር ለመሮጥ የሚፈጀው ጊዜ) በኪሎ ሜትር አሥር ሰከንድ ይለያል። አንዱ ሯጭ «ፈጠንኩ» ብሎ ይደሰታል፤ ሌላው «አቋሜ ወረደ» ብሎ እንቅልፍ ያጣል። መስቀል አደባባይ ላይ ጠዋት ጠዋት ከሚነሱ ወሬዎች አንዱ ይኼ ነው። ታዲያ ከአፕዴቱ በፊት ሰዓቱ ምን ያህል ይስት እንደነበር የለካ ሰው ብዙ አይገኝም። ያ ካልታወቀ ደግሞ ለውጡ ከእግር ይምጣ ከሶፍትዌር መለየት አይቻልም።

ስለዚህ ከታች ያለው አሠራር በመለካት ጀምሮ በመለካት ያልቃል። አፕዴቱ የሚገባው መሀል ላይ ነው። ጋርሚንም ይሁን ኮሮስ፣ ፖላርም ይሁን ሱንቶ ወይም አፕል ዋች፣ የሜኑው ስም ቢለያይም አካሄዱ ያው ነው። ቦታዎቹን ከመሀል አዲስ አበባ የመረጥኩት ከተማችን ለጂፒኤስ ቀላል ስላልሆነች ነው።

ደረጃ 1፦ የትኛውን ፔስ እንደምታዩ እወቁ

ሰዓታችሁ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ፔስ ያሳያል። አንደኛው የአሁኑ ፔስ ነው፤ በዚች ቅጽበት ስንት እየሮጣችሁ እንደሆነ የሚገምተው። ሁለተኛው የላፕ ፔስ ነው፤ አሁን የያዛችሁት ኪሎ ሜትር ወይም ዙር ከተጀመረ ወዲህ ያለው አማካይ። ሦስተኛው የጠቅላላው ሩጫ አማካይ ነው።

ጭቅጭቁ ሁሉ የሚነሳው ከመጀመሪያው ነው። ሒሳቡን እንየው። በኪሎ ሜትር 5:00 የሚሮጥ ሰው በአንድ ሰከንድ የሚሸፍነው 3.3 ሜትር ገደማ ነው። ጂፒኤስ ደግሞ ሰማዩ ክፍት በሆነበት ሜዳ ላይ እንኳ ጥቂት ሜትሮች ይስታል። ስህተቱና በአንድ ሰከንድ የምትሮጡት ርቀት ተቀራራቢ ሆኑ ማለት ነው። ሰዓቱ ከነጥብ ወደ ነጥብ ያለውን ርቀት ብቻ እየወሰደ ፔስ ቢያወጣ ቁጥሩ አንዴ 3:30፣ አንዴ 7:00 እያለ ይዘልል ነበር።

ይህ እንዳይሆን ሶፍትዌሩ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ከሳተላይቱ የሚመጣው ሞገድ ድግግሞሽ ስትጠጉና ስትርቁ የሚያሳየውን ለውጥ ይለካል። ጥሩንባውን እየነፋ የሚያልፍ መኪና ሲቀርብና ሲርቅ ድምፁ እንደሚለያየው ማለት ነው። ዶፕለር የሚባለው ይኼ ነው፤ ከቦታ ነጥቦቹ ይልቅ ለፍጥነት የተሻለ ግምት ይሰጣል። ሁለተኛ፣ ያለፉትን ጥቂት ሰከንዶች አቀላቅሎ ቁጥሩን ያለሰልሳል። ብዙ ሰዓቶች የእጅ ውዝዋዜንም ይጨምሩበታል። ስንቱን ከየቱ እንደሚቀላቅል የሚወስነው አምራቹ ነው። ከአፕዴት በኋላ የአሁኑ ፔስ ጠባዩን ቢለውጥ ብዙ ጊዜ የተነካካው ይኼ ቅይጥ ነው።

ማለስለስ ዋጋ ያስከፍላል። ቁጥሩ ሲረጋጋ ይዘገያል። በኪሎ ሜትር 3:20 ማለት በሰከንድ 5 ሜትር ነው። ሰዓቱ ፔሱን በ10 ሰከንድ ዘግይቶ ከነገራችሁ 50 ሜትር አልፋችኋል። 200 ሜትር ለሚደጋግም ሰው ይህ የርቀቱ ሩብ ነው። ስለዚህ ለአጭር ኢንተርቫል የአሁኑን ፔስ እያዩ መሮጥ ጥቅም የለውም። ጠቅላላ ሰከንዱን ተመልከቱ።

አሁኑኑ አንድ ነገር አድርጉ። የሩጫ ስክሪኑን አስተካክሉና የላፕ ፔስን በትልቁ አስቀምጡት። ለፈተናውም ለልምምዱም የምንተማመነው በእሱ ነው።

ደረጃ 2፦ ርቀቱ የታወቀ መንገድ አዘጋጁ

ከሁሉ የተሻለው የ400 ሜትር ትራክ ነው። የምትገቡበት ትራክ ካላችሁ በመጀመሪያው መስመር ሩጡ። 400 ሜትር የሚባለው ከውስጠኛው ጠርዝ 30 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ሲለካ ነው። በሁለተኛው መስመር ከሮጣችሁ አንዱ ዙር ወደ 407 ሜትር ይሆናል። 10 ዙር ስትሮጡ 70 ሜትር ልዩነት መጣ። ሰዓቱን «ጨመረ» ብላችሁ ከመክሰሳችሁ በፊት የሮጣችሁበትን መስመር አስታውሱ። ደግሞ ለዚህ ፈተና የትራክ ሞድን አትክፈቱ። ያ ሞድ ዙሩ 400 እንደሆነ አስቀድሞ ስለሚያውቅ የጂፒኤሱን ስህተት ይደብቅባችኋል።

ትራክ ከሌላችሁ ቀጥ ያለ መንገድ ራሳችሁ ለኩ። ቸርችል ጎዳና ለዚህ የሚመች ይመስለኛል። ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ጥቁር አንበሳ በኩል ሲወርድ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፤ ሰማዩም በመጠኑ ክፍት ነው። ጉግል ኧርዝ ላይ ባለው የርቀት መለኪያ ከአንድ ቋሚ ምልክት እስከ ሌላው አስምሩ። ምልክት ስል የዜብራ ጠርዝ፣ የአጥር ማዕዘን፣ የመብራት ምሰሶ ማለቴ ነው። ከ500 ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ የኮሪደር ልማቱ የእግረኛውን መንገድ፣ ዜብራውንና ምሰሶውን በብዙ ቦታ ቀይሮታል። የሳተላይት ሥዕሉ ከሥራው በፊት የተነሳ ከሆነ የለካችሁት ምሰሶ ዛሬ እዚያ ላይኖር ይችላል። የሥዕሉን ቀን አይታችሁ፣ በእግራችሁም ሄዳችሁ አረጋግጡ።

ቁልቁለቱ አያሳስባችሁ። በ5 ከመቶ ተዳፋት ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ብትሮጡ በካርታ ላይ ካለው ርቀት የሚበልጠው በ1 ሜትር ከ25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። «3ዲ ርቀት» የሚል፣ ከፍታውንም ጨምሮ ርቀት የሚቆጥር ምርጫ ሰዓታችሁ ላይ ካለ ዝጉት። የሚያመጣው ጥቅም ከሚያመጣው መናወጥ ያንሳል።

ሁለተኛ መንገድ ደግሞ ምረጡ፤ ይኼኛው አስቸጋሪው ይሁን። ከፖስታ ቤት ወደ ብሔራዊ ቴአትርና ሰንጋ ተራ ያለው ክፍል ለዚህ የተሠራ ይመስላል። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ብቻውን ከ200 ሜትር በላይ ነው፤ ዙሪያውን የሌሎች ባንኮች ፎቆች አሉ። የሳተላይቱ ሞገድ በቀጥታ መምጣቱን ትቶ መስታወት ላይ ነጥሮ ይመጣል። የነጠረው ሞገድ ረዘም ያለ መንገድ ስለተጓዘ ሰዓቱ እናንተን ከመንገዱ ማዶ ያስቀምጣችኋል። ቡድን ሆነው በዚህ በኩል የሚወርዱ ሯጮችን ልብ ብላችሁ ስሙ። ላይ ሲነሱ አብረው የጀመሩት ሰዓቶች ፖስታ ቤት አካባቢ ሲደርሱ አንዱ ኪሎ ሜትር ሞላ ብሎ ይጮኻል፣ ጥቂት እርምጃ ቆይቶ ሌላው፣ ከዚያ ሦስተኛው። ሁሉም አንድ መንገድ ነው የሮጡት።

ደረጃ 3፦ ከአፕዴቱ በፊት ለኩ

መኪናና ሰው ሳይበዛ ውጡ። እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ገደማ ይመቻል። አውቶ ፖዝን (ስትቆሙ ሰዓቱ ቆጠራውን ራሱ የሚያቆምበትን) ዝጉ። አውቶ ላፕንም (በየኪሎ ሜትሩ ላፕ ራሱ የሚይዝበትን) ዝጉ። መነሻ ምልክቱ ላይ ስትደርሱ ላፕ ተጫኑ፣ መጨረሻው ላይ እንደገና ተጫኑ። ሳትቆሙ በተረጋጋ ፍጥነት ሩጡ። ተመለሱና በተቃራኒው አቅጣጫም እንዲሁ አድርጉ። በእያንዳንዱ መንገድ ሦስት ምልልስ ይበቃል።

ቤት ስትገቡ ሰከንዱን በእውነተኛው ርቀት አካፍሉ። ለምሳሌ የለካችሁት መንገድ 800 ሜትር ነው፤ የሮጣችሁት በ4 ደቂቃ ነው። እውነተኛው ፔስ 5:00 ነው። ሰዓቱ ግን ርቀቱን 815 ሜትር ብሎ ከመዘገበ ፔሱን 4:54 ይላችኋል። ወደ 2 ከመቶ ጨምሯል ማለት ነው። ይህንን ቁጥር ለክፍቱ መንገድ ለብቻ፣ ለፎቆቹ መንገድ ለብቻ ጻፉት።

ከጎኑ ሦስት ነገር ጨምሩ፦ የሶፍትዌሩን ቨርዥን፣ የሳተላይት ምርጫውን፣ ሰዓቱን ያሠራችሁበትን እጅ። ቨርዥኑ ብዙ ጊዜ ሴቲንግስ ውስጥ፣ ሲስተም ሥር፣ አባውት በሚለው ቦታ ይገኛል። በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ከዚያ የሚቀል የለም።

ደረጃ 4፦ «አፕዴት» ሁሉ አንድ አይደለም

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው አፕዴት ሲል አንድ ነገር ያለ ይመስለዋል። ሰዓት ውስጥ የሚገቡት ግን ቢያንስ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው የሰዓቱ ሶፍትዌር ነው። ሜኑው፣ ስክሪኑ፣ ፔስ የሚሰላበት መንገድ እዚህ ውስጥ ነው። ሁለተኛው የጂፒኤስ ቺፑ የራሱ ሶፍትዌር ነው። ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ጋር ተጠቅልሎ ይመጣል። ሦስተኛው የሳተላይቶቹን የወደፊት መገኛ የሚተነብይ ትንሽ ፋይል ነው። ይህ ስልካችሁ ከሰዓቱ ጋር ሲንክ ባደረገ (መረጃ በተለዋወጠ) ቁጥር በዝምታ ይገባል። እንደ አምራቹ ቢለያይም ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ያገለግላል፣ ከዚያ ይበላሻል።

ለየዕለቱ ሩጫ ከሦስቱ በጣም የሚጠቅመው ይኼ ትንሹ ፋይል ነው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ይዞራሉ። ሰዓቱ ቦታውን ለማወቅ ቢያንስ የአራቱን መገኛ ማወቅ አለበት። ፋይሉ ካለው ሳተላይቶቹን የት እንደሚፈልግ ያውቃልና በሰከንዶች ውስጥ ያገኛቸዋል። ከሌለው ከራሳቸው ከሳተላይቶቹ ማዳመጥ አለበት። አንድ ሳተላይት የራሱን መገኛ አስተላልፎ ለመጨረስ 30 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ የሁሉንም አጠቃላይ መዝገብ ለመቀበል 12 ደቂቃ ተኩል ያስፈልጋል። ዳታ ጠፍቶ፣ ብሉቱዝ ተዘግቶ ሳምንታት የከረመ ሰዓት መስቀል አደባባይ ላይ ደቂቃዎች የሚያስቆማችሁ ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር የሚበላሸውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው።

ይኸው ትንሽ ፋይል ሲበላሽም ጣጣው ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 መጨረሻ በዓለም ዙሪያ ብዙ የጋርሚን ሰዓቶች ጂፒኤስ የሚጠቀም ስፖርት ሲከፈትባቸው ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን እያሳዩ ቀጥ አሉ። ምክንያቱ የተበላሸ የሳተላይት ፋይል ነበር። መፍትሔው ለብዙዎቹ ቀላል ነበር፤ የመክፈቻውን ቁልፍ ሰዓቱ እስኪጠፋ ድረስ ተጭኖ መያዝ፣ አብርቶ ሲንክ ማድረግ። ይህን ዘዴ አስታውሱት። ሰዓት ሲፈዝ ወይም ሳተላይት እንቢ ሲል መጀመሪያ የሚሞከረው ይኼው ነው።

ዋናውን ሶፍትዌር ለዓመታት መተውም አያዋጣም። ጂፒኤስ ሳምንታትን የሚቆጥረው እስከ 1,024 ነው፤ ከዚያ ወደ ዜሮ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. አፕሪል 6 ቀን 2019 ሲመለስ፣ ያልታደሱ አንዳንድ አሮጌ መሣሪያዎች ቀኑን ወደ ኋላ በዓመታት መለሱት።

ደረጃ 5፦ አፕዴቱን አድርጉ

መቼ? ዋናው ሶፍትዌር ከሆነ ከውድድር በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት አትንኩት። ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ ካለባችሁ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ጨርሱ። አብዛኞቹ አምራቾች ወደ ድሮው ሶፍትዌር በቀላሉ እንድትመለሱ አያመቻቹም፤ ስለዚህ የማትወዱት ነገር ከመጣ አብራችሁት መሮጣችሁ ነው። አውቶ አፕዴትን ዝጉት። ቤታ (ገና በሙከራ ላይ ያለ) የሚል ከሆነ ደግሞ ለሚሞክሩ ሰዎች ተዉላቸው። ትንሹ የሳተላይት ፋይል ግን ከዚህ ክልከላ ውጭ ነው፤ በውድድሩ ዋዜማ ማታም ሲንክ አድርጉ።

እንዴት? መጀመሪያ ያሉትን ሩጫዎች ሁሉ ወደ ስልክ አሻግሩ። ሰዓቱን ቻርጅ አድርጉ። አፕል ዋች ቢያንስ 50 ከመቶ ቻርጅ ኖሮት ቻርጀሩ ላይ ካልተቀመጠ አይጀምርም፤ ሌሎቹም ባትሪ ሲያንስ እንቢ ይላሉ። ጋርሚን በስልክ በጋርሚን ኮኔክት፣ ወይም በኮምፒውተር በኬብል በጋርሚን ኤክስፕረስ ይሠራል። ፖላር በፍሎው አፕ ወይም በኮምፒውተር በፍሎውሲንክ ይታደሳል። ኮሮስ በራሱ አፕ ነው።

ኔትወርኩን አስቡበት። ፋይሉ አንዳንዴ ከባድ ነው፤ በብሉቱዝ በኩል ሲገባ ደግሞ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ዋይፋይ ካላችሁ ጥሩ፤ ከሌላችሁ የሌሊት ፓኬጅ ገዝታችሁ ማታ አውርዱት። በኮምፒውተር ከሆነ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ይመረጣል። መብራት ድንገት ቢሄድ ሰዓቱ የራሱ ባትሪ አለው፣ ዴስክቶፑ ግን እዚያው ላይ ይጠፋል። ማውረዱ ቢቋረጥ እንደገና ይጀመራል። አደገኛው መጫን ላይ ሲቋረጥ ነው። መስመሩ መሙላት ከጀመረ በኋላ ኬብል አትንቀሉ፣ ቁልፍ አትንኩ።

ሲጨርስ ሰዓቱን አጥፍታችሁ አብሩት።

ደረጃ 6፦ ሴቲንጉን አንድ በአንድ ፈትሹ

አፕዴት አንዳንድ ምርጫዎችን ወደ ፋብሪካ አቀማመጣቸው ሊመልስ ይችላል፤ አዲስ ምርጫም ይጨምራል። ፔስ ተለወጠ ከሚባለው ውስጥ ቀላል የማይባለው ከዚህ የሚመጣ ነው።

መጀመሪያ የሳተላይት ምርጫውን እዩ። ጂፒኤስ ብቻ፣ ሁሉም ሲስተሞች፣ ወይም መልቲ ባንድ ይላል። ሁሉም ሲስተሞች ማለት ከአሜሪካው ጂፒኤስ ጋር የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮና የቻይናውን ቤይዱ መጨመር ነው። በፎቆች መሀል የሚታየው ሰማይ ጠባብ ስለሆነ ብዙ ሳተላይት ማግኘት ይረዳል። መልቲ ባንድ ደግሞ ከአንዱ ሳተላይት ሁለት ሞገድ ይቀበላል፤ ኤል 1 እና ኤል 5። ሁለተኛው ነጥሮ የመጣን ሞገድ ለይቶ ለመጣል የተሻለ ነው። የጋርሚን ፎርራነር 255፣ 265፣ 955፣ 965፣ ኮሮስ ፔስ 3 እና አፕል ዋች አልትራ ይህ አላቸው። ፎርራነር 55 እና 165 የላቸውም። ባትሪ ይበላል፣ ነገር ግን ለአንድ ሰዓት የከተማ ሩጫ የሚያሳስብ አይደለም። በመሀል ከተማ ለሚሮጥ ሰው የትኛውን ልምረጥ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ሳላመነታ መልቲ ባንድ እላለሁ። ሰንጋ ተራ ላይ ልዩነቱ በካርታው መስመር ላይ በዓይን ይታያል።

ከዚያ አመዘጋገቡን እዩ። «በየሰከንዱ» እና «ስማርት» ካለ በየሰከንዱ ይሁን። ባትሪ ለመቆጠብ ነጥቦችን የሚያራርቅ ሞድ ካለ ለፔስ ሥራ አይሆንም፤ ዝጉት። አውቶ ፖዝ ተመልሶ በርቶ እንደሆነ አረጋግጡ። መብራት ላይ ቆማችሁ ስትነሱ እሱ በሰከንዶች ዘግይቶ ይነቃል፤ ያንን ሁሉ ጊዜ የበላው ከፔሳችሁ ነው። አሃዱም ኪሎ ሜትር እንጂ ማይል እንዳልሆነ ተመልከቱ። በ5:00 ፋንታ 8:03 ያየ ሰው የሚደነግጠው በከንቱ ነው።

የሰዓቱን ሰዓት በእጅ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የምትቀይሩም አላችሁ። ተዉት። ጊዜውን ከሳተላይትና ከስልክ ስለሚወስድ ይመለስባችኋል፤ ባይመለስ ደግሞ የሩጫው መዝገብ የተሳሳተ ሰዓት ይይዛል።

ደረጃ 7፦ ሰማይ አሳዩት፣ ከዚያ እንደገና ለኩ

ከአፕዴት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወጡ ሰዓቱን ክፍት ቦታ ላይ 15 ደቂቃ ያህል አቆዩት። የሩጫ ሞዱን ክፈቱና ጀምር ሳትሉ ሰውነታችሁን አሟሙቁ። የሳተላይቶቹን መዝገብ ሙሉ ለሙሉ እንዲቀበል ጊዜ መስጠታችሁ ነው። ጃን ሜዳን የመሰለ ክፍት ቦታ ይመቻል፤ የመስቀል አደባባይ ፊት ለፊቱም አይከፋም።

የት እንደምትጀምሩ ግን ተጠንቀቁ። መስቀል አደባባይ ሥር ያለው የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሆኖ ጀምር የሚለውን የሚጫን አለ። ከመሬት በታች ሰማይ የለም። ወጥታችሁ «ጂፒኤስ ዝግጁ» እስኪል፣ ካለ በኋላም አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ከስታዲየም እስከ ለገሀር በቀላል ባቡሩ ድልድይ ሥር መጀመርም እንዲሁ ነው፤ ኮንክሪቱ የሰማዩን እኩሌታ ይሸፍነዋል።

ለፈተና መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹ ላይ አትሩጡ። አንዱን እርከን ጫፍ ድረስ ሄዶ፣ ታጥፎ በሚቀጥለው መመለስ ለእግር ድንቅ ልምምድ ነው። ለጂፒኤስ ግን ፈተና ነው። እርከኖቹ የሚራራቁት ከስህተቱ ስፋት በማይበልጥ ርቀት ነው። ሰዓቱ ጫፍ ላይ ያለውን ድንገተኛ መታጠፊያ ያለሰልሰዋል፣ ማዕዘኑን ቆርጦ ያልፋል። በየመታጠፊያው ጥቂት ሜትር ይጎድላል። ብዙ ምልልስ ስትሠሩ ፔሱ ከእውነቱ የዘገየ ሆኖ ይወጣል። ደረጃው ላይ ልምምዱን በደቂቃ ያዙት፤ አሠልጣኝ «40 ደቂቃ» ብሎ ካዘዘ ያንኑ ሩጡና ኪሎ ሜትሩን አትቁጠሩ።

አሁን ደረጃ 3ን ድገሙት። ያው መንገድ፣ ያው ምልክት፣ ያው እጅ፣ በተቻለ መጠን በዚያው የጠዋት ሰዓት። ሰዓቱን ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ፤ ከሹራብ በላይ አይንጠልጠል።

ውጤቱን ስታነጻጽሩ የሁለቱን መንገዶች ቁጥር ለየብቻ እዩ። በክፍቱ መንገድ ስህተቱ 2 ከመቶ የነበረው 1 ሆኖ ከቀነሰ፣ አፕዴቱ ጠቅሟችኋል። ክፍቱ ሳይለወጥ የፎቆቹ ከተባባሰ የሳተላይት ምርጫው ተቀይሮ እንደሆነ ደግማችሁ ፈትሹ። ሁለቱም ካልተለወጡ ደግሞ የአሥር ሰከንዱ ለውጥ ከሰዓቱ አልመጣም፤ ከእግራችሁ፣ ከእንቅልፋችሁ ወይም ከነፋሱ ነው። ሴቲንግ ስትቀይሩ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ቀይሩ፣ ለኩ፣ ከዚያ ወደ ሌላው እለፉ።

ስትራቫ በሚባለው የሩጫ መመዝገቢያ አፕ የምታነጻጽሩ ከሆነ ደግሞ እሱ የቆማችሁበትን ጊዜ ቀንሶ ፔሱን ሊያሰላ እንደሚችል አትርሱ። መስቀለኛ መንገድ ላይ ሁለት ደቂቃ የቆመ ሰው ሰዓቱ ላይ አንድ፣ ስትራቫ ላይ ሌላ ፔስ ያያል።

ደረጃ 8፦ ቁጥሩን ለውድድር ተጠቀሙበት

የጎዳና ውድድር ርቀት የሚለካው በጂፒኤስ አይደለም። በትክክል በተስተካከለ ብስክሌት፣ ሯጭ ሊሮጥ በሚችለው አጭር መስመር ላይ ነው። ርቀቱ እንዳያጥርም በኪሎ ሜትር 1 ሜትር ይጨመርበታል፤ ለ10 ኪሎ ሜትር 10 ሜትር። እናንተ ደግሞ በሰው መሀል እየተጠማዘዛችሁ፣ ኩርባውን በውጭ እየዞራችሁ ነው የምትሮጡት። የጂፒኤሱ መንቀጥቀጥ ሲጨመርበት ሰዓታችሁ 10.15 ቢያሳይ አይግረማችሁ።

ይህ በፔስ ሲታሰብ ይከብዳል። 10 ኪሎ ሜትሩን በ50:00 ልጨርስ ብላችሁ ሰዓቱ ላይ 5:00 ይዛችሁ ብትሮጡና ሰዓቱ 10.15 ቢቆጥር፣ የምትገቡት በ50:45 ነው። ሰዓቱ ላይ መያዝ የነበረባችሁ 4:55 ገደማ ነበር። በፈተናችሁ ያገኛችሁትን ስህተት እዚህ ጋ ቀንሱት።

ከዚህም የሚሻል አለ። አውቶ ላፕን ዝጉና የኪሎ ሜትር ምልክቱን ባለፋችሁ ቁጥር ላፕ ራሳችሁ ተጫኑ። የሰከንዱ ቆጠራ አይስትም፤ የሚስተው ርቀቱ ነው። ርቀቱን ከምልክቱ፣ ጊዜውን ከሰዓቱ ወሰዳችሁ ማለት ነው። አሯሯጭ ሆናችሁ ሌላውን የምትመሩ ከሆነ በዚህ መንገድ ብቻ ሥሩ፤ ከኋላችሁ ያለው ሰው በእናንተ ቁጥር ነው የሚሮጠው።

አልስተካከል ካለ

ሪስታርት፣ ሲንክ፣ ከዚያ የመጨረሻው ፋክተሪ ሪሴት (ሰዓቱን ወደ ፋብሪካ አቀማመጡ መመለስ) ነው። ሪሴት ከማድረጋችሁ በፊት ሩጫዎቹ ሁሉ መሻገራቸውን አረጋግጡ፤ የቀረው ይጠፋል። ያገለገለ ሰዓት ስትገዙ ደግሞ ሻጩ ከራሱ አካውንት ሳያላቅቀው ገንዘብ አትስጡ። አፕል ዋች በቀድሞው ባለቤት አካውንት ከተቆለፈ እናንተ ልትከፍቱት አትችሉም። እዚያው ቆማችሁ ከስልካችሁ ጋር አገናኙት፣ ቨርዥኑን እዩ፣ ወደ ደጅ ወጥታችሁ ሳተላይት ማግኘቱን ተመልከቱ።

በየቀኑ በፎቆች መሀል የሚሮጥ፣ ፔሱንም በትክክል የሚፈልግ ሰው ጫማ ላይ የሚታሰር ሴንሰር ቢገዛ ይሻለዋል። እርምጃን ስለሚለካ ፎቅም ድልድይም አያውቅም። ትራክ ላይ አንዴ ካስተካከላችሁት በኋላ ሰዓቱ ፔስን ሁልጊዜ ከእሱ፣ ካርታውን ከጂፒኤስ እንዲወስድ ሴቲንጉ ውስጥ ምረጡ። ጫማ ስትቀይሩ ሴንሰሩን እንደገና ፈትሹት።

ለአምራቹ ስትጽፉ «ፔሱ ልክ አይደለም» ብቻ አትበሉ። ቨርዥኑን፣ የሳተላይት ምርጫውን፣ የለካችሁትን መንገድ ርቀትና ሰዓቱ የመዘገበውን ርቀት፣ ከአፕዴቱ በፊትና በኋላ ለየብቻ ጻፉ። የሩጫውን ኦሪጅናል ፋይልም አያይዙ።